እግር ሲከዳ የሚቀረው

ወጣት ጉልበት አያጣም፤ የሚያጣው ጉልበቱን የሚመጥንለት አንጋፋ ነው። የአንጋፋው ውለታ ግን ብዙውን ጊዜ የሚለካው ወጣቱ ቶሎ ባስገኘው ድል ነው። እውነተኛው መለኪያ ዘግይቶ ቢመጣስ? ድሉም ጉልበቱም ካለፈ በኋላ ቢገለጥስ? ለዚህ ጥያቄ የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት ታላቅ ምስክር ነው።

በሰሜን ሸዋ ገጠር የተወለደው አበበ፣ የክብር ዘበኛ ወታደር ሳለ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን እጅ ገባ። ብርታቱን ይዞት የመጣ ነው፤ ከአሠልጣኙ የቀሰመው ልክን ነበር፦ ርቀትን በሰዓት መቁጠር፣ ትንፋሽን መቆጠብ፣ መቼ መታገሥ፣ መቼስ መፈትለክ እንደሚገባ ማወቅ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ይህ የ28 ዓመት ወታደር በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሲሮጥ፣ ተፎካካሪውን ጥሎ የሚሄድበት ስፍራ አስቀድሞ ከአሠልጣኙ ጋር ተመርጦ ነበር፤ ስፍራውም ያን ጊዜ በሮም ቆሞ የነበረው የአክሱም ሐውልት ነው። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ጥቂት ሳምንታት በኋላ በቶኪዮ ሁለተኛውን ወርቅ ደገመ።

ከዚያ ወዲያ ግን ዕድል ፊቷን አዞረችበት። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ የእግሩ ሕመም ውድድሩን አስቋረጠው፤ ድሉም የማሞ ወልዴ ሆነ። በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን በመኪና አደጋ አከርካሪው ተጎዳ። ዓለም ያደነቃቸው እግሮች ዳግመኛ አልቆሙም።

የመካሪ ሥራ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። አበበ የተማረው ማሸነፍን ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሩጫው ሲቀር ትምህርቱም አብሮ በቀረ ነበር። እርሱ ግን በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታክሞ ክንዶቹ ሲበረቱ ቀስት አነሣ፤ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወተ፤ በኖርዌይም በበረዶ ላይ በሚንሸራተት መቀመጫ ተወዳድሮ አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም. ማብቂያ በሙኒክ ኦሊምፒክ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ሲታይ፣ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት። ይህ ሁሉ ሲሆን ኀዘን አልጎበኘውም ማለት አይደለም። ሆኖም ቀስት የሚያነጣጥረው እጅ ልክን ይሻል፤ ትንፋሽን መግዛትንም ይሻል። የተለወጠው መሣሪያው ነው እንጂ በወጣትነቱ የተቋጠረው ስንቅ ያው ነበር። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስም ስንቁ አላለቀበትም።

እንግዲህ ወጣትን በእጁ የያዘ ሁሉ፣ መምህርም ይሁን የጥበብ ሰው ወይም የሥራ መሪ፣ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል፦ ይህ ልጅ መድረኩ፣ ድምፁ ወይም ጉልበቱ በተለየው ቀን ምን ይዞ ይቀራል? ለዚያ ቀን ስንቅ ያልቋጠረለት አንጋፋ፣ አሠለጠነው ይባል ይሆናል እንጂ አሳደገው አይባልም።