መንገዱስ እንዴት ነበር?

እንግዳ ገና ወንበር ሳይዝ ነው «መንገዱስ እንዴት ነበር?» የሚባለው። ጠያቂው የአስፋልቱን ጤንነት ማወቅ ፈልጎ አይደለም፤ ለጨዋታ በር እየከፈተ ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውሮፕላን የሄደ ሰው ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ የለውም። ወሬ የሚሆን ነገር ሳይገጥመው ደርሷል። «ደህና ነበር» ይልና ዝም። ባለቤቶቹም ዝም። ቡናው እስኪፈላ ስለ ኑሮ ውድነት ይወራል።

እኔ ወደ ደብረ ማርቆስ የሄድኩት በሞተር ሳይክል ነው። ጊዜው አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ሞተረኛውን ከጎዳናዋ ከመከልከሏ በፊት፣ ያ መንገድም እንደ አሁኑ መንገደኛ የሚሳቀቅበት ከመሆኑ በፊት ነው። ወዳጄ መምህር ሆኖ እዚያ ከተመደበ ጀምሮ «ዘንድሮስ መጣሁ» እያልኩ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ሞተሯ አሮጌ ነች፤ ተማሪዎች ሳለን እሱ ከኋላ እየተፈናጠጠ ጉልበቷን የጨረስነው አብረን ነው። ስለዚህ እሷም ብትሆን የምትጠይቀው ሰው አላት። አውቶቡስ እያለ ምን አንከራተተህ ላሉኝ ሁሉ የሰጠሁት መልስ ይኸው ነበር፤ የተቀበለኝ ግን የለም።

እንጦጦን ወደ ሱሉልታ ሲሻገሩ የማለዳው ብርድ ጉልበት ሰርስሮ ይገባል። ከጃኬቴ ሥር ጋዜጣ ደርቤያለሁ። ጫንጮን እንዳለፍኩ ሞተሯ ማሳል ጀመረች። ይህ የደጋ በሽታ ነው፤ ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡሬተሩ ግን የለመደውን ያህል ቤንዚን ማፍሰሱን አይተውም፤ በቅጡ ያልተቃጠለው ነዳጅ ካንዴላውን ጥላሸት ያለብሰዋል። ፈትቼ በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አደረግኩት፤ ተነሳች።

ገብረ ጉራቻ ላይ ጎማው ተነፈሰ። መኪና ሲበላሽ ሹፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ጭንቅላቱን ውስጥ ይቀብራል፤ አላፊ አግዳሚው ከሩቅ አይቶ ያልፋል። የሞተር ሳይክል ሆድ ዕቃ ግን ሜዳ ላይ ነው። ሁሉም ያየዋል፤ ያየ ሁሉ ደግሞ አስተያየት አለው። ጎሚስታው ካላማዳሪውን ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ሲፈልግ ዙሪያችንን ሸንጎ ቆመ። አንዱ ችግሩ ከቸርኬው ነው አለ። ሌላው ዘይቱን አሽትቶ ራሱን ነቀነቀ። ደብተር የያዘ ልጅ ፍሬኑን ይጨብጣል፣ ይለቃል። ጋቢ የለበሱ አዛውንት ዱላቸውን ተደግፈው ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ የኦሮምኛ ለዛ ባለው አማርኛ፣ «ልጄ፣ ምን ይበላል?» አሉኝ።

«ቤንዚን፣ አባባ።»

«ሲቆምም ይበላል?»

«ሲቆም አይበላም።»

«እንግዲያው ከበቅሎ ይሻላል» ብለው ፈረዱ። ትንሽ አሰቡና ፍርዳቸውን አሻሻሉ፤ «በቅሎ ግን እንዲህ መንገድ ላይ አትተነፍስም።»

ሸንጎው ሳቀ። ጎሚስታው አልሳቀም፤ ሚስማሩን አግኝቶት ነበር።

እኔና ወዳጄ ስልክ የምንደዋወለው በበዓል ነበር። እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ቻው። በዚያ ቀን ግን በየብልሽቱ ደወልኩለት። በካንዴላው ጊዜ ስቆብኝ ዘጋ። ጎማው ሲለጠፍ ግን አባቱ ከታመሙ መሰንበታቸውን፣ እሱም በየሳምንቱ ገጠር እየተመላለሰ መሆኑን ነገረኝ። በስንት በዓል ስልክ ያልነገረኝን ነው። ጊዜ ነበረን፤ ማስቲሹ እስኪደርቅ የትም አልሄድም። በደህና መኪና እየበረርኩ ቢሆን ኖሮ «ስደርስ እናወራለን» ብዬ እቆርጠው ነበር፤ ስደርስ ደግሞ ቤቱ ሰው ይሞላል።

ጎሐ ጽዮን ላይ ሜዳው ድንገት ያልቃል። ከዚያ እስከ ዓባይ ወለል 1,400 ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው። በፍሬን ብቻ ልውረድ ያለ ሰው ፍሬኑ ግሎ መሀል ላይ ይከዳዋል፤ ስለዚህ በከባድ ማርሽ ሞተሯን እያስጮኹ መንፏቀቅ ነው። መጀመሪያ ጃኬቱን፣ ቀጥሎ ጋዜጣውን አወለቅኩ። በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተመረቀው ድልድይ ከአሮጌው ጎን በኬብል ተወጥሮ ቆሟል። ፎቶ ማንሳት አይታሰብም፤ ጠባቂዎቹ ካሜራ ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል። ተሻገርኩ።

የደጀንን ዳገት ሳጋምስ ካቴናው ተበጠሰ። ሞተሯ ትጮኻለች፣ ጎማው አይንቀሳቀስም። ደወልኩ። ከብዙ ጥበቃ በኋላ የደረሰልኝ፣ ሰዉ ለፍጥነቱ «አልቃይዳ» የሚል ስም ያወጣለት አይሱዙ ነው፤ በዚያ ዳገት ላይ ግን ስሙን የሚያስጠራ ፍጥነት አላሳየም። ሞተሯን ከሽንኩርት ጆንያዎች መሀል አስተኛናት፤ እኔም ከጎኗ። እዚያ ሆኜ ያሰብኩት ጉቬራን ነው፤ ገና ቼ ሳይባል። በ1944 ዓ.ም. ከወዳጁ ከግራናዶ ጋር «ኃያሊቱ» ባሏት አሮጌ ኖርተን ደቡብ አሜሪካን ሊያዳርሱ ሲነሱ፣ ኃያሊቱ ቺሊ ላይ ጨርሳ እጅ ሰጠች። የቀረውን መንገድ የዘለቁት በእግር፣ በጭነት መኪና፣ በመርከብ ነው። ያም ሆኖ መጽሐፉ የሞተር ሳይክል ማስታወሻ ይባላል። እኔስ ታዲያ ምን ጎደለብኝ?

ደጀን ስንገባ ወዳጄ ቀድሞኝ ቆሟል። 70 ኪሎ ሜትር ያህል በሚኒባስ መጥቶ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የካቴና መጋጠሚያ ይዟል። ተቃቀፍን፤ ወዲያው ተንበርክኮ ፒንሳ ጠየቀኝ። ሊጠየቅ የሚገባው ሰው ጠያቂውን ሊጠይቅ ወጥቶ፣ ጥየቃው እዚያው አስፋልት ዳር ተከናወነ። እጃችን ግራሶ በግራሶ ሆኖ፣ እሱ ስለ አባቱ፣ እኔ ማንም ስላልጠየቀኝ ነገር እያወራን ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። መሀል ላይ ባለቤቱ ደወለች፤ የደወለችው ስለ እኛ ሳይሆን ስለ ዶሮው ነው። ከረፋድ ጀምሮ ምድጃ ላይ ነው፣ ምን ይሁን?

ዶሮው ለቁርስ ሆነ።

ስመለስ በሞተር እንዳልሄድ ባለቤቱ ቁልፉን ቀማችኝና በአውቶቡስ እንድሳፈር ተፈረደ። መናኸሪያ ሞተሯን ለአራት አንስተን ፖርቶ መጋላ ላይ አወጣናት። ረዳቱ የሙሉ ሰው ሂሳብ ጠየቀ። ወዳጄ «ወንበር አልያዘችም» ብሎ ተሟገተ፤ ረዳቱ «ከሰው ትከብዳለች» አለ። በግማሽ ተስማሙ።