ተወርቶ የቀረ

ሰው ያልነበረውን ቢያጣ ያዝናል እንጂ አይቆጭም። የሚያንገበግበው እጅ ገብቶ ያመለጠው ነው። በኢንተርኔት ይገናኝ ለነበረው የፕሮግራሚንግ መጽሐፍ ክበባችን ምን ጎድሎት ነበር? መጽሐፉ በነጻ ይገኛል፤ አንባቢው ፈቃደኛ ነው፤ የሚያስረዱ የበሰሉ ሰዎች አሉ፤ ማስታወሻ የሚሰፍርበት የጋራ ሰነድም ለሁሉም ክፍት ነበር። ዛሬ ያ ሰነድ ቢከፈት የሚታየው የአምስት ምዕራፎች ርዕስና ከሥራቸው ባዶ ገጽ ነው።

የመረጥነው መጽሐፍ ደግሞ ተራ አልነበረም። ሃሮልድ አቤልሰንና ጄራልድ ሱስማን ከጁሊ ሱስማን ጋር የጻፉት፣ በ1985 እ.ኤ.አ. ታትሞ በ1996 ተሻሽሎ የወጣው «ስትራክቸር ኤንድ ኢንተርፕሪቴሽን ኦቭ ኮምፒውተር ፕሮግራምስ» ነው። ኤምአይቲ ለብዙ ዓመታት ጀማሪ ተማሪዎቹን አስተምሮበታል። ሽፋኑ ላይ ጠንቋይ ስላለ ፕሮግራመሮች «የጠንቋዩ መጽሐፍ» ይሉታል። ነጻ ነው ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። ብቻውን የሚታገለው ሰው ገና አንደኛው ምዕራፍ ላይ ይዝላል። ክበብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ቅዳሜ ማታ እንገናኝ ነበር። አዲስ አበባ ሲመሽ ዋሽንግተን ዲሲ ገና ቀትር ነው። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ያንዱ ፓኬጅ ያልቃል፣ ከሌላው ጓዳ ልጅ ያለቅሳል፤ ጨዋታው ግን ይደራል።

ከሁሉ የምታንገበግበኝ ልምምድ 1.6 ናት። እዚያ ላይ አንዲት ገጸ ባሕርይ የራሷን «ኢፍ»፣ ማለትም ሁኔታ አይቶ ከሁለት መንገድ አንዱን የሚመርጥ ትእዛዝ፣ ትሠራለች። በትንንሽ ቁጥሮች ሲሞከር በትክክል ይመልሳል። ስኩዌር ሩት የሚያሰላው ፕሮግራም ውስጥ ሲገባ ግን ፕሮግራሙ ማብቂያ ያጣል። ለምን? ሁላችንም ዝም አልን። በወትሮው ብዙም የማይናገር አንድ አባላችን ማይኩን ከፈተና፣ «እውነተኛው ኢፍ መንታ መንገድ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ይጠይቅና አንዱን ብቻ ይይዛል። ይሄ አዲሱ ግን እንደማንኛውም ፋንክሽን ስለሆነ ሁለቱንም መንገድ እስከ መጨረሻው ሳይሄድ አይመርጥም። አንደኛው መንገድ ደግሞ ዞሮ እዚያው መነሻው ላይ የሚጥል ነው። ታዲያ መቼ ይድረስ?» አለ። ሳቁ አላባራ አለ፤ «ገባኝ!» የሚለው ድምፅ ከየአገሩ መጣ። ያንን ማብራሪያ ሰነዱ ላይ ማን አሰፈረው? ማንም።

ስንፍና ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አንዱ «እንግሊዝኛዬን ያዩብኛል» ብሎ ፈራ። ሌላው በአማርኛ ሊጽፍ ተነሥቶ «ሪከርሽንን ምን ልበለው?» እያለ ሲያመነታ ተወው፤ ሲናገር ግን «ሪከርሽኑ» እያለ አሳምሮ ያስረዳ ነበር። ጀማሪው ታላላቆቹ ይጻፉ ብሎ ጠበቀ፤ ታላላቆቹ «ይሄማ ማንም ያውቀዋል» ብለው አለፉት። ትጉሆቹም ቢሆኑ የጻፉት በየግል ደብተራቸው ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ማስታወሻ ጽፈው ያቆዩ ሰዎች ግን ነበሩ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ፣ አውስትራሊያ ውስጥ በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆን ላየንስ ዩኒክስ የተባለውን የኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮድ የሚያብራራ ማስታወሻ ለተማሪዎቹ አዘጋጀ። የፈቃድ ገደብ መጥቶ በይፋ እንዳይሠራጭ ቢከለከልም፣ ፕሮግራመሮች በ1996 መጽሐፍ ሆኖ እስኪታተም ድረስ በፎቶ ኮፒ ሲቀባበሉት ኖሩ። እነሱ ተከልክለው አባዙት፤ እኛ ተፈቅዶልን አልጻፍንም።

ደግሞስ ከባዱን መጽሐፍ በአማርኛ መተንተን ለእኛ እንግዳ ነገር ነው? የአብነት ትምህርት ቤት ሊቃውንት የግእዙን ንባብ በአማርኛ አንድምታ ሲያብራሩ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲያወርዱት ኖረዋል። በኋላ በጽሑፍ ስለሰፈረ ዛሬ ጉባኤ ቤት ያልዋለ ሰው እንኳ ገልጦ ያነበዋል። መንገዱን አያቶቻችን ጠርገውልን ነበር።

ክበባችን እንደ ብዙው ክበብ ቀዘቀዘ። ሥራ በዛ፤ ሰዓቱ አልገጥም አለ። በኋላ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «የዚያን ጊዜ ማስታወሻ ካላችሁ ብትሰጡኝ» ብሎ ጠየቀን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ደብተራችንን ፍለጋ ተሯሯጥን። የተገኘው ለጻፈው ሰው እንኳ የማይነበብ ቁርጥራጭ ነበር። በመጨረሻ የላክንለት የእንግሊዝኛ መልሶች ያሉበትን ሊንክ ነው፤ እሱን ደግሞ ልጁ ቀድሞም ያውቀዋል። አሁን ጥያቄውን ለአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ያቀርብ ይሆናል። ያም ቢሆን የተማረው ከተጻፈው ነው፤ እኛ ቅዳሜ ማታ ያወራነውን ከየት ያመጣዋል?

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ግን አልሠራንበትም። እናንተ አሁን ክበብ የጀመራችሁ፣ ከየስብሰባው በኋላ ጥቂት መስመር የጋራው ሰነድ ላይ ሳይሰፍር አትበተኑ። አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀየጠበት ይሁን፣ ፊደሉም ይገደፍ። የተሳሳተውን ሌላ ሰው ያርመዋል፤ ያልተጻፈውን ግን የሚያርመው የለም።