ኩሽኔታው ለምን ቶሎ ቶሎ ይበላል?

ወደ ማስተማር ልምምድ የምታመላልሰን አሮጌ ላንድክሩዘር በአንድ ክረምት ብቻ የኋላ ግራ እግሯ ኩሽኔታ ሦስት ጊዜ ተበላ። «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባልና አዲስ ይገባላታል። ለእኛ ግን ነገሩ አልዋጥ አለን። የደቻን ቁልቁለት ስንወርድ ጎማው ተነቅሎ ቢሄድስ?

ሦስተኛው ሲፈታ ጎንበስ ብለን አየን። ግራሶው ነጥቶ ወተት መስሏል። ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ዳዶው ከልክ በላይ ጠብቆ ቢሆን ኖሮ ብረቱ ግሎ ወደ ሰማያዊ ባደላ ነበር። «ጋሼ፣ የዘይት ማገጃ ጎማው አዲስ ነው፤ ታዲያ ውሃው በየት ገባ?» አልነው ሾፌራችንን። እሱም መኪናዋ ሥር ገባ።

አክስሉ ላይ ትንሽ መተንፈሻ አለች፤ ቀዩ ጭቃችን ደፍኗታል። ዳገት ሲወጣ ውስጡ ያለው አየር ይሞቃል፤ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በማገጃው በኩል ይገፋዋል፤ ዘይቱም ግራሶውን ያጥበዋል። እግሯ እንደጋለ ወንዝ ስትገባ ደግሞ አየሩ ቀዝቅዞ ይኮማተርና ውሃ ይስባል። ፊዚክስ ክፍል የተማርነው ይኸው አይደል? (በቦንጋ ክረምት ወንዝ የት አለ የሚል እንግዳ ብቻ ነው!) በዚያ ላይ ማገጃው የሚያርፍበት ብረት በጥፍር ሲዳሰስ ቦይ አውጥቷል። እዚያ ላይ አዲስ ጎማ ቢደረግ ምን ሊይዝ?

መተንፈሻዋ ጸድታ ቱቦ ተቀጠለላትና ከፍ ተደርጋ ታሰረች። ማገጃው ከቦዩ ፈቀቅ ብሎ ገባ፤ ዳዶውም ጎማው እየተሽከረከረ በልኩ ጠበቀ። አሁን በየጉዞው መሐል ወርደን ሞዞውን ተራ በተራ በእጃችን እንዳስሳለን። እስካሁን ለብ ከማለት አላለፈም።