የገና ማታ በአልታዲና

ሎስ አንጀለስ ሲባል ፀሐይ ብቻ ይመስላችሁ ይሆናል። ክረምት አላት፤ ዝናቧ ግን የሚጥለው እኛ አገር እህል በሚወቃበት ወራት ነው። ጎንደር ገጠር ልጅ ሳለሁ ታኅሣሥ ማለት የገለባና የኩበት ጭስ ሽታ ነበር። እዚህ የረጠበ አፈር ሆነብኝ፤ እስክለምደው ስንት ዘመን!

በ2017 ዓ.ም. ገና ያም ሽታ ጠፋ። ከግንቦት ወዲህ ጠብ ያለ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ባለፉት ሁለት ዓመታት የጣለው ብርቱ ዝናብ ያበቀለው ሣርና ቁጥቋጦ ከሰፈራችን ከአልታዲና በላይ ባለው ተራራ ላይ ደርቆ ቆሟል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 29። ከበረሃ የሚመጣው፣ ሳንታ አና የሚሉት ነፋስ በሩን ይነቀንቃል። እናቴ ቶናውን ልትቀዳ ስትል መብራት ድርግም አለ። ዕጣን እየጨሰ ስለነበር ሌላ ጭስ መግባቱን ልብ ያልነው የለም። እሷ ግን ቀና ብላ አሸተተችና፣ «ኧረ ይሄስ የዕጣን አይደለም፣ የቅጠል ነው» አለች። በኢተን ካንየን በኩል ተራራው ቀልቷል።

ከሌክ ጎዳና በስተምሥራቅ ያሉትን በስልክ ውጡ ሲሏቸው፣ በስተምዕራብ ያለነው የእኛ ስልክ ጭጭ አለ። ጎረቤታችን አሮጊት ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ቤቱን የገዙት ወላጆቿ ናቸው፣ ጥቁር ሰው በብዙ ሰፈር ቤት እንዳይገዛ በሚከለከልበት ዘመን። «ድሮ እሳት በመጸው መጥቶ ዝናብ ሲጥል ያበቃ ነበር» ትለኝ ነበር። ነፋሱ እንኳ የድሮ ነው። አየሩ ሲሞቅ ግን ሣሩን ቶሎ ያደርቀዋል፤ ነፋሱም ሲመጣ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው ማገዶ ያገኛል። እሳት ካየው ምን ለየው!

እኩለ ሌሊት ላይ ፍሙ ከጣራ ጣራ ሲዘል፣ ማንም ሳያዘን ወጣን። እናቴ ዳዊቷንና የዶሮ ወጡን ድስት ይዛለች።

«እማዬ፣ ተይው በእናትሽ!»

«የበዓል ወጥ ለእሳት ይተዋል እንዴ?»

ጎረቤታችንን ከኋላ አስቀመጥናት። በርበሬ፣ ንጥር ቅቤና አመድ አንድ ላይ ምን እንደሚሸቱ ከዚያ ሌሊት ወዲህ አውቃለሁ።

ፓሳዴና፣ ተፈናቃይ በተሰበሰበበት አዳራሽ ደጃፍ ነጋልን። ረቡዕ ሆነ፣ ጾም ገባ። እናቴ ወጡን አልቀመሰችም፤ ስታጎርስ ነው ያረፈደችው፣ ቋንቋዋን የማይሰማውን ሁሉ። ጎረቤታችን በርበሬው እያስነጠሳት «ጨምሪልኝ» በሚል ምልክት እጇን ዘረጋች።

ለእኛ ሰፈር የውጡ ትእዛዝ የደረሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። እሳቱ ከ9,000 በላይ ቤትና ሕንፃ አወደመ። ከሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ ከሌክ በስተምዕራብ የነበሩ ናቸው። ዝናቡ ሁለት ሳምንት አልፎት መጣ፣ ለአመዱ።

ተራራ ሥር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ነፋስ ሲነሳ ስልኩ እስኪጮህ አትጠብቁ። አዛውንት ጎረቤታችሁን ቀስቅሱና ውጡ።