ጫካም ቤት ነው፤ የመሸበት እንግዳ ሥርዓት ይወቅ

በአማርኛ «ጫካ ገባ» ሲባል የሚሰማው ሰው ልቡ ይደነግጣል። ሸፈተ ማለት ነው። ወይ ከመንግሥት ተጣልቷል፣ ወይ ደም አለበት። «አየር ሊቀይር ሄደ» ብሎ የሚረዳው የለም።

ድሮ ጫካ ውስጥ የሚያድሩት ሰዎች ይታወቃሉ። ከብት የጠፋበት እረኛ፣ አህያና በቅሎ የጫነ ሲራራ ነጋዴ፣ ዘማች ወታደር፣ ሽፍታ፣ ዓለምን የተወ መናኝ። ሁሉም ጫካ ያደሩት ወይ ቸግሯቸው ነው፣ ወይ ለነፍሳቸው ብለው ነው። ሞቅ ያለ አልጋ እያለው፣ ገንዘብ አውጥቶ፣ ድንኳን ተሸክሞ «አንድ ሌሊት ዛፍ ሥር ልደር» የሚል ሰው የመጣው በቅርቡ ነው።

መምጣቱ ክፉ አይደለም። የአዲስ አበባ ወጣት ቅዳሜና እሁድን ወንጪ ወይም መናገሻ ሱባ ሄዶ ድንኳን መትከል ለምዷል። ሰሜን ተራሮች ላይ ሰንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ የድንኳን ማደሪያ ከሆኑ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ስሙ እምብዛም የማይነሳው ግን የደቡብ ወሎው ደንቆሮ ጫካ ነው።

ስሙን የሚሰማ ፈገግ ይላል። ቦታውን ያየ ግን ዝም ይላል።

ከደሴ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘነብለው ደጋ ላይ የቦረና ወረዳ ከተማ መካነ ሰላም አለች። ጫካው ከእሷ ብዙም አይርቅም። ቦረናን፣ ሳይንትንና መሐል ሳይንትን ይነካል። ቀድሞ የመንግሥት ጥብቅ ደን ነበር፤ ኋላ ክልሉ ፓርክ አደረገው፤ ወሰኑም ሲሰፋ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። ከታች ከ1,900 ሜትር ገደማ ተነስቶ ላዩ ወደ 3,700 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ አንድ ቀን ሙሉ ሽቅብ የሚሄድ ሰው ብዙ ዓይነት ደን ያያል። ከታች ጥድና ወይራ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከዚያ አስታ፣ መጨረሻ ላይ ጓሳ ሣርና እንደ ዘብ የቆመ ጅብራ።

እዚያ ያሉት ዛፎች ሽማግሌ ናቸው። ጥዱ ቅርፊቱ እንደ አሮጌ ገመድ ተልጦ ተንጠልጥሏል። የወይራው ግንድ ተጠማዞ ተቦርቡሮ፣ አሁንም ቅጠል ያወጣል። አስታው ላይ ሽበት የመሰለ ሽበታማ ጭገር ተንጠልጥሎ ንፋስ ያወዛውዘዋል። ሌሊት ሲሆን የጅብ ድምፅ ከገደሉ ማዶ ይሰማል። ድኩላው ይጮኻል። ጎህ ሲቀድ ጭላዳዎች ካደሩበት ገደል እየወጡ ሣር ይነጫሉ። የታደለ ደግሞ ላይኛው ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ያያል፤ በመላው ዓለም 500 ያህል ብቻ የቀሩት፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌሉት እንስሳ።

ታዲያ ድንኳን ይዞ የመጣ ሰው ይህን ሁሉ ሲያይ አንድ ነገር ወደ አፉ ይመጣል። «የሰው እጅ ያልነካው ቦታ!» ይላል። ፎቶ አንስቶም ይህንኑ ይጽፍበታል።

ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ወሎ ውስጥ የሰው እጅ የማይደርስበት ቦታ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ሺህ ዓመታት የታረሰ አገር ነው። ገደል አፋፍ ላይ ገብስ ይዘራል። የ1966ንና የ1977ን ረሃብ ያየ አገር ነው። እንዲህ ባለ አገር አንድ ሽማግሌ ጥድ ዛሬም ቆሞ ከተገኘ፣ ሰው ስላላየው አይደለም። በአጠገቡ ያለፈ ሁሉ አይቶታል። ምሰሶ ይሆናል፣ በር ይሆናል፣ ገበያ ቢወጣ ብር ይሆናል። ወይራውም እንዲሁ። የወተት ዕቃ ይታጠንበታል፣ የጠላ ጋን ይታጠንበታል፣ እርፍና ዱላ ይሆናል። ኮሶው ለሆድ ትል መድኃኒት ነበር። ጓሳው ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ገሳ ይሠራበታል። ከዚህ ሁሉ ጥቅም ጋር ዛፉ መቆሙ ነው የሚያስገርመው።

ሁሉም በፍቅር ተወው ማለት አይደለም። ገደሉ የጠበቀው ዛፍ አለ። ዘበኛ የከለከለው አለ። ቅጣት ፈርቶ የተወውም አለ። ግን ዘበኛ ብቻውን ተራራ አይጠብቅም። 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ ጠባቂ የታጣባቸው ብዙ የመንግሥትና የማኅበር ደኖች ባጭር ጊዜ ተመነጠሩ። ዘበኛው በሌለበት ቀን የቆመ ዛፍ ካለ፣ መጥረቢያውን ያላነሳ ጎረቤት አለ ማለት ነው።

ብዙም ሳይርቅ፣ ሰሜን ሸዋ መንዝ ላይ ያለው ጓሳ ይህን በግልጽ ያሳያል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሰፈሩ ራሱ በመረጣቸው አለቆች እየተመራ ሣሩን ለዓመታት ይዘጋው፣ ሲደርስ ደግሞ በወግ ከፍቶ ያጭደው ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። ቆይቶ ግን ነዋሪው በአዲስ ደንብ መልሶ ያዘው። ዛሬ ጓሳ ላይ ድንኳን ተክሎ የሚያድር ሰው የሚያድረው በሰው ግቢ ነው። አጥሩ አይታይ እንጂ፣ አጥር አለው።

የደንቆሮ ጫካ ጎረቤት የድንኳኑን ሰው ሲያይ የሚጠይቀው ጥያቄም ከዚህ ይመነጫል። በወሎ የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል፤ «ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ» ይባላል። እግሩ ይታጠባል፣ መደብ ይነጠፍለታል። እስላም ነው ክርስቲያን ነው ብሎ ሳይጠይቅ የሚያሳድር አገር ነው። እንዲህ ካለ ደጅ አልፎ ሄዶ ብርድ ላይ ድንኳን የሚተክል ሰው ለባለ ቤቱ እንቆቅልሽ ነው። «ኧረ በማርያም፣ ቤት ሞልቶ ውጭ ይታደራል?» ትላለች አንዷ እናት። «ኧረ በአላህ፣ ምን አጠፋን?» ይላሉ ሌላው አባት። ቀልድ አይደለም። እንግዳ ሰፈር አጠገብ ውጭ አድሮ አንዳች ቢደርስበት ነውሩ የሰፈሩ ነው።

እንግዳው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ «ተፈጥሮን ፈልገን ነው» ይላል። መልሱ ግን ጥያቄውን አልመለሰም። ጥያቄው «የማን እንግዳ ነህ?» የሚል ነው። «የማንም» ካለ፣ ቦታውን ባዶ አድርጎ ቆጥሮታል። ባዶ ነው የተባለ ቦታ ላይ ደግሞ ሰው እንዳሻው ይሆናል።

እንዳሻው የሚሆንበት የመጀመሪያው ነገር እሳት ነው።

ድንኳን ተተክሎ እሳት ካልነደደ ሌሊቱ ጎደሎ የሚመስለው ብዙ ነው። ብርዱም እውነት ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ላይኛው ደጋ ውርጭ ይጥላል። እንግዳው ዙሪያውን ሲያይ የደረቀ እንጨት ሞልቷል። «የወደቀ ነው፣ ማንን ይጎዳል?» ይላል። የወደቀው ግንድ ግን የጫካው ጎተራ ነው። በስብሶ አፈር ይሆናል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ችግኝ ይበቅልበታል፣ ትንንሽ እንስሳት ይኖሩበታል። መቶ ዓመት ቆሞ የወደቀ ኮሶ በአንድ ሌሊት አመድ ይሆናል። ከዚያም የሚብሰው አለ። በዚያ ከፍታ መሬቱ ራሱ በሣር ሥርና በብስባሽ የተሞላ ነው። ላዩ ጠፍቷል የተባለ እሳት ከሥር እየጨሰ ይከርምና ንፋስ ሲያገኝ ይነሳል።

በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ሰሜን ተራሮች ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ጓሳውና አስታው ነደደ፤ ጠፋ ሲባል ተመልሶ ተነሳ። ገበሬው፣ ተማሪው፣ ስካውቱ ቅጠል ይዞ ገደል ለገደል ሮጠ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪመጡ ተደረሰ። ያን እሳት ለማጥፋት ቀድሞ የደረሰው የአካባቢው ሰው ነው። ደንቆሮ ጫካ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢነሳ ቀድሞ የሚደርሰውም ያው፣ እንግዳው በደጁ ያለፈው ጎረቤት ነው።

ስለዚህ ሥርዓቱ ከባድ አይደለም። ጫካ ውስጥ እሳት አይነድም። ሻይና ምግብ በትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ ያውም ሣር በሌለበት ድንጋይ ላይ ይሠራል። ለብርዱ ጋቢና ባና ይደረባል። እሳት ዳር መጫወት ያማረው ደግሞ ከጫካው ወጥቶ ገበሬው ቤት ይግባ፤ ገበሬው በማሳው ዳር ካበቀለው ባሕር ዛፍ ፍልጥ ይግዛ፣ ምድጃው ዳር ይቀመጥ። እሳቱም አለ፣ ጨዋታውም አለ፣ ብሩም ዛፉን ላልቆረጠው ሰው ደረሰ። ውሻ ይዞ መሄድም ይቅር። ቀይ ቀበሮን ከጨረሱት ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የምግብ ትራፊም እንደመጣ ይመለስ፤ ጭላዳ አንዴ ዳቦ ከለመደ ሣር መንጨቱን ይረሳል።

ከእሳቱ በላይ ግን ሌላ ዕዳ አለ።

ጫካው ሲከለል ጎረቤቱ ግጦሽ አጥቷል፣ እንጨት አጥቷል፣ ጓሳ አጥቷል። ጭላዳና ከርከሮ ገብሱን ሲበላበት ዝም በል ተብሏል። እንግዳው ደግሞ ያን ያህል ዋጋ የተከፈለበትን ዛፍ አንድ ሌሊት አቅፎት አድሮ፣ ፎቶውን ይዞ ይሄዳል። ጎረቤቱ እጅ ላይ ምን ቀረ?

የሰሜን ተራሮቹ ግጭ እዚህ ላይ ያሳስባል። በ2008 ዓ.ም. ገደማ የመንደሩ ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ ፓርኩን ለቀው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ለፓርኩ ጠቅሟል የሚሉ አሉ፤ በ2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከአደጋ መዝገብ አውጥቶታል። ግን አንድ ነገር ልብ ይሏል። መንደሩ ተነሳ፤ የድንኳን ማደሪያው ቀረ። እዚያ የተወለደው ወጣ፣ አንድ ሌሊት የሚያድረው ገባ። ደንቆሮ ጫካ ላይ ቱሪዝም ሲታሰብ ይህ መንገድ መደገም የለበትም።

ሌላ መንገድ ደግሞ አለ፤ ያውም ወሎ ውስጥ። ሰሜን ወሎ መቄት ላይ «ተስፋ» በሚል ስም የተጀመረው የማኅበረሰብ ቱሪዝም እንግዳውን ለገበሬው ነው የሰጠው። ጎጆውን የሠራው ሰፈሩ፣ ምግቡን የሚያዘጋጀው ሰፈሩ፣ መንገዱን የሚመራው የሰፈሩ ልጅ፣ ገቢውም የሰፈሩ። መካነ ሰላም ይህን ለማድረግ ምን ያንሳታል? የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ እዚያው ነው። ዛፉን በሳይንስ ስሙም በአገር ስሙም የሚያውቅ ወጣት ይወጣል። አንዱን ሌሊት በገበሬው ቤት፣ አንዱን በድንኳን፤ ድንኳኑም ሰፈሩ ባሳየው ቦታ፣ ሰፈሩ በመደበው ሰው እየተጠበቀ። እንዲህ ሲሆን የእናቲቱም ጥያቄ መልስ ያገኛል፤ «የእናንተ እንግዳ ነን» ይባላል።

ዛሬ ተነሱና ሂዱ የሚባልበት ቀን አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ጦርነት መንገዱን ዘግቷል፤ ከዛፍ በፊት የሰው ሕይወት አለ። «ጫካ ገባ» የሚለው ቃልም ዛሬ በየቤቱ ሌላ ሐዘን ያነሳል። ነገር ግን ሥርዓት የሚወጠነው ችግሩ ሲያልፍ አይደለም። ሰላም በሆነ ማግስት መኪናው ይጎርፋል፣ ድንኳኑ ይዘረጋል፣ «ያልተነካ ቦታ ተገኘ» ይባላል። ያን ቀን ደንብ የሌለው ጫካ በአንድ በጋ የሚያጣውን በመቶ ዓመት አይተካውም። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ በጥቂት ዓመት ያቆጠቁጣል። ጥድና ወይራ ግን የተከላቸው ሰው ሳያያቸው የሚያረጁ ዛፎች ናቸው፤ ዛሬ የሚቆረጠውን ሽማግሌ የልጅ ልጅም አይመልሰውም።

እስከዚያው የወረዳው ሽማግሌዎች፣ የፓርኩ ሠራተኞችና የግቢው መምህራን አንድ ወረቀት ላይ ቢስማሙ ይበቃል። የት ይታደራል፣ ስንት ሰው ይገባል፣ እሳት የት ይነዳል፣ ገንዘቡ ለማን ይደርሳል። አራት ጥያቄ ናት። መልሷ ተጽፎ ከቆየ፣ እንግዳው ሲመጣ ባለ ቤት ያገኛል።

ሰላሙን ያምጣልን። ቸር ያሰማን።