ሦስት ደቂቃ ይላል

የምኖርባት ከተማ በሰሜን አውሮፓ ናት። ስሟን አልጠራም፤ የምነግራችሁ ጥፋት የእሷ ብቻ አይደለም። ትልቁ ድርሻ የኔ ነው።

ዓርብ ማታ የጸሎት ፕሮግራማችን ሲያበቃ እናቶችን እስከ አውቶቡስ ፌርማታ መሸኘት የወጣቶች ተራ ነው። በጥር ወር አንድ ዓርብ ተራው የኔ ነበር። የሸኘኋቸው አንዲት እናት ብቻ ነበሩ፤ ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። ከአዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ከመጡ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። የአገሩን ቋንቋ አያውቁም፤ ቁጥር ግን ያነባሉ። የሚሳፈሩበትን አውቶቡስ ቁጥር ልጃቸው በወረቀት ጽፋላቸዋለች፤ ወረቀቷን መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ነው የሚያስቀምጧት።

ፌርማታው ጋ ስንደርስ በሀበሻ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ20 ነበር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰሌዳው ላይ የእትዬ አውቶቡስ ቁጥር በርቷል፤ ከጎኑ 3 ይላል።

«ሦስት ደቂቃ ነው እትዬ። አሁን ይመጣል» አልኳቸው።

የኔ ባቡር ሊሄድ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ካመለጠኝ የሚቀጥለውን ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ። እሳቸውም ገባቸው። «ሂድ ልጄ፣ እንዳያመልጥህ። ይኸው ሦስት ይላል አይደል?» አሉኝ። ጉንጫቸውን ስሜ ሮጥኩ።

ቤት ገብቼ ሻይ ጥጄ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሰዓቱ አራት ሊሆን አምስት ጉዳይ ነው። የእትዬ ልጅ ናት። «እማዬ አልገባችም። ስልኳም ጠፍቷል። ሸኝተሃት ነበር?»

«አዎ፣ አሳፍሬያቸዋለሁ» አልኳት።

ልብ በሉ፤ አላሳፈርኳቸውም። ሦስት የሚል ሰሌዳ ሥር ትቻቸው ነው የሄድኩት። ግን አፌ ያለ ምንም ችግር «አሳፍሬያቸዋለሁ» አለ። ልጅቷም በቃሌ ተማምና መኪናዋን አስነስታ እናቷ የሚወርዱበት ፌርማታ ሄዳ ቆመች። እውነቱን ብነግራት ኖሮ በአሥር ደቂቃ እኛ ጸሎት ቤት አጠገብ ካለው ፌርማታ ትደርስ ነበር። እናቷ እዚያው ነበሩ።

እትዬ ያንን ምሽት በኋላ እንዲህ ብለው አጫወቱኝ። ሦስቱ ሁለት ሆነ። ሁለቱ አንድ ሆነ። አንዱም ጠፍቶ መስመሩ ብልጭ ድርግም አለ። ተነሥተው ወደ መንገዱ ጠርዝ ተጠጉ። አውቶቡስ የለም። ከዚያ መስመሩ እንዳለ ተሰረዘና በቦታው 29 የሚል መጣ። «ዓይኔ ነው ብዬ መነጽሬን ጠረግሁ» አሉ። ሃያ ዘጠኙም እንደ ፊተኛው ቀስ እያለ ቆጥሮ ጠፋ። ስልካቸው በብርዱ ባትሪው ሞተ። የተሳፈሩት አራት ሰዓት ከ25 ላይ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ በዚያ ብርድ ቆይተዋል። ከዚያ ውስጥ የመጨረሻው ሃያ ደቂቃ በሰሌዳው ሳይሆን በኔ ቃል ምክንያት የመጣ ነው።

ሰኞ ዕለት ከኅብረታችን አንድ አውቶቡስ ሹፌር ወንድም ጋ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ሰሌዳውን ለመክሰስ ነው። ሰሌዳው ከተከሰሰ እኔ ነጻ እወጣለሁ ብዬ ነበር።

ነገሩን እንዲህ አስረዳኝ። እያንዳንዱ አውቶቡስ ላይ የጂፒኤስ መቀበያ አለ። ያለበትን ቦታ በየጥቂት ሰከንዱ በሞባይል ኔትወርክ ወደ ማዕከል ይልካል። የማዕከሉ ኮምፒዩተር ቦታውን ከመስመሩ ካርታ ጋር ያስተያየውና እስከ ፌርማታችሁ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይገምታል። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ የምናየው ቁጥር ግምት ነው። አውቶቡሱ በቀረበ መጠን ግምቱ ይጠራል፤ በራቀ መጠን መብራቱም፣ መንገድ ሥራውም፣ በየፌርማታው የሚሳፈረውም ሰው ይጨመርበታል። የሃያ ደቂቃ ግምትን የሦስት ደቂቃውን ያህል ማመን አይገባም።

«ታዲያ የኛ ሦስት ነበር እኮ!» አልኩት።

«እሱ ሌላ ነው» አለኝ። አውቶቡሱ ምልክት ካልላከ ብዙ ሲስተሞች ቦታውን ባዶ አይተዉትም፤ የጊዜ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ያወጣሉ። ሹፌር ታሞ ከቀረና ጉዞው መሰረዙን ሲስተሙ ውስጥ ያስገባ ሰው ከሌለ፣ ያልተነሣ አውቶቡስ ሰሌዳው ላይ ይጓዛል። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ይላል፤ ይቆጥር የነበረው ግን መንገዱን ሳይሆን ሰዓቱን ነው። ያን ዓርብ ማታ ሁለት ሹፌሮች ቀርተው ነበር። በብዙ ከተሞች እንዲህ ዓይነቱን ቁጥር ለይቶ ማሳየት ተለምዷል፤ በምልክት የተረጋገጠው በደቂቃ ይጻፋል፣ ከጊዜ ሰሌዳ የተገለበጠው ደግሞ በሰዓት ወይም በሌላ ቀለም። የኛ ሰሌዳ ግን ሁለቱንም በአንድ መልክ ነው የሚያሳየው።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ ጀመርኩ። ለንደን እንዲህ ያለውን ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ1992 በ18 ቁጥር መስመር ላይ ሞክራለች። ዛሬ ከ19 ሺህ በላይ ፌርማታ ሲኖራት ሰሌዳ የተተከለው በጥቂቱ ላይ ነው፤ ለቀረው ሰው ስልኩን ያያል። በሲያትል ከተማ በተደረገና በ2011 በታተመ ጥናት ደግሞ መረጃውን በስልካቸው የሚያዩ ተሳፋሪዎች ጥበቃው የሚያጥርላቸው ሆኖ ተገኝቷል፤ መረጃው የሌላቸው ግን ከጠበቁት በላይ የጠበቁ ይመስላቸዋል። ይህን ሳነብ ሰሌዳውን መጥላት አልቻልኩም። ቁጥሩ እውነት ሲሆን ትልቅ ምሕረት ነው። ያስጨነቀኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ የማያውቀውን ሲጠየቅ ለምን ዝም አይልም?

ያን ጊዜ ነው «አሳፍሬያቸዋለሁ» ያልኩት ትዝ ያለኝ።

እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። እትዬ የት እንዳሉ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ቦታውን ባዶ ከመተው ይልቅ መሆን የነበረበትን ተናገርኩ። በእቅዱ መሠረት አውቶቡስ መጥቷል፣ እትዬ ተሳፍረዋል፣ እኔም ጥሩ ልጅ ነኝ። የጊዜ ሰሌዳውን እንደ እውነት አነበብኩላት።

ስመረምረው የዚያ ምሽት ብቻ አልሆነም። የመዝሙር ልምምድ ቀን ቡድኑ ይደውልልኛል። «የት ደረስክ?» «መንገድ ላይ ነኝ!» እላለሁ፤ አንድ እግሬ ጫማ ውስጥ፣ ሌላው ገና ካልሲ እየፈለገ። «አምስት ደቂቃ!» እላለሁ። ይህንን ስጽፍ የምትስቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። «እጸልይልሃለሁ» ያልኩት ወንድም አለ፤ ልቤ ያሰበውን እንደ ተደረገ ቆጥሬዋለሁ። «ደህና ነኝ» ያልኩባቸው ቀኖች አሉ፤ ደህና መሆን እንደሚገባኝ እንጂ የት እንዳለሁ አልተናገርኩም። ከነዚህ አንዱንም ሰው ለማታለል ብዬ አላልኩትም። ሰሌዳውም ማንንም ለማታለል አልቆመም። የሚጠብቀው ሰው ግን በሁለቱም መንገድ በብርድ ይቆያል።

አዲስ አበባ ሳድግ ፌርማታ ላይ ሰሌዳ አልነበረም። አንበሳ አውቶቡስ ስንጠብቅ አዲስ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የቆመውን ሰው መጠየቅ ነው። «አለፈ እንዴ?» «ቅድም አንድ ሞልቶ አለፈ።» «ቆየህ?» «ኧረ እግሬ ደንዝዟል!» መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም፤ አላውቅም ለማለትም ማንም አያፍርም። የሚያውቀውን ያህል ይነግርሃል፤ የቀረውን አብሮህ ይጠብቃል። ያንን አገር ከድካሙ አውጥቼ ላሞግሰው አይደለም፤ በዝናብ የቆምንባቸው ሰዓቶች አይረሱም። ግን ብቻችንን አልቆምንም።

እትዬም ያን ምሽት ብቻቸውን አልነበሩም። ሁለተኛው ቁጥር ሲጠፋ አንዲት ሻሽ ያሰረች የማያውቋት ሴት አጠገባቸው ተቀመጠች። በቋንቋ አይግባቡም። ሴትየዋ ወደ ሰሌዳው ጠቁማ እጇን ወዲያና ወዲህ አወዛወዘች፤ ይሄን አትመኚው ማለቷ ነው። ከዚያ አንዱን ጓንቷን አውልቃ ለእትዬ ሰጠች። አንድ አንድ ጓንት አድርገው፣ ባዶ እጃቸውን በኪሳቸው ከትተው ጠበቁ። የሴትየዋ አውቶቡስ ሌላ ነበር፤ አንዱን አሳልፋ ነው እትዬን ያሳፈረቻቸው። አሳፍሬያቸዋለሁ ማለት የምትችለው እሷ ነበረች።

የእትዬን ልጅ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ሰሌዳው ሦስት ብሎ ነበር» ብዬ መጀመር አማረኝ፤ ምላሴን ነከስኩ። «አላሳፈርኳቸውም ነበር፤ አሳፍሬያለሁ ብዬ ዋሸሁሽ» አልኳት። ዝም ብላ ቆየች። «እዚያ ፌርማታ ቆሜ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር በሩን ሳይ ምን እንደማስብ ታውቃለህ?» አለችኝ። አላውቅም። ይቅር ብላኛለች፤ ጥያቄዋ ግን አሁንም አብሮኝ ይኖራል። እትዬ ደግሞ የሳቁት ሳቅ! «አንተ ልጅ፣ ለኔ ሂድ ያልኩህ እኔ ነኝ። ለሷ ግን የማታውቀውን ለምን ነገርካት?» ፍርዱ እሱ ነው።

ባለፈው ዓርብ ተራዬ እንደገና ደረሰ። ብርዱ ቀንሷል። እትዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን ፈለጉ፤ አጡት።

«ስንት ነው ልጄ?»

ነው ሊለኝ የነበረው አፌ ቆም አለ።

«አራት ይላል እትዬ።»

«ይላል?»

«ይላል።»

ፈገግ ብለው ጠጋ አሉና ከጎናቸው ቦታ አስለቀቁልኝ። ባቡሬ ሄደ። አውቶቡሱ በሰባተኛው ደቂቃ መጣ፤ እትዬ ገብተው መስኮቱ ጋ ሲቀመጡ አየሁ። ከዚያ ለልጃቸው ደወልኩ።

«አሳፍሬያቸዋለሁ» አልኳት።