ስለ አዳኝና ስለ ጠመንጃው ዝግጅት

ሰው ለአደን ሲነሣ ስንቁንና ድንኳኑን በብዙ ትጋት ያሰናዳል፤ ጠመንጃውን ግን ከተሰቀለበት አውርዶ ወልውሎ መያዝ የሚበቃው ይመስለዋል። እኔ ግን የአደን ሙያ በዱር ይታያል እንጂ በዱር አይማሩትም እላለሁ።

ስለ ደጋ አጋዘን ባሰብሁ ቍጥር ይህ አሳብ ይጸናብኛል። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም አይገኝም፤ ዋና መኖሪያውም የባሌና የአርሲ ተራሮች ናቸው። አንድ እንግሊዛዊ አዳኝ በፈረንጆች ቍጥር በ1908 ከገደለው በኋላ፥ ሊቃውንት በ1910 ስም አውጥተው መዘገቡት። ዛሬ ቍጥሩ ጥቂት ስለሆነ ያለ መንግሥት ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። እንግዲህ ፈቃድ ያገኘ ሰው እንዲህ ያለውን ፍጥረት አቍስሎ በጫካ ቢያጣው፥ እንስሳው በሥቃይ ይሞታል፤ አገርም በከንቱ ይጎድልበታል።

ስለዚህ እኔ የምከተለው ሥርዓት ይህ ነው። አስቀድሜ ጠመንጃው አለመጕረሱን በዓይንም በጣትም እመረምራለሁ፤ ብሎኖቹን አጠብቃለሁ፤ የአፈሙዙን ውስጥ ከዘይት አደርቃለሁ፥ ዘይት የመጀመሪያውን ጥይት ያስታልና። ቀጥሎም ለአደን በምይዘው በዚያው ዓይነት ጥይት፥ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አሳርፌ፥ በ100 ሜትር ላይ 3 ጊዜ እተኵሳለሁ። ሦስቱ ተቀራርበው ከዒላማው ቢርቁ ማነጣጠሪያውን ማስተካከል ይገባል፤ ተበታትነው ቢያርፉ ግን ጉድለቱ የተኳሹ ወይም የጠመንጃው ወይም የጥይቱ ነውና ማነጣጠሪያ ማዞር አይጠቅምም።

ነገር ግን በዱር የአሸዋ ከረጢት የለም። ስለዚህ ተቀምጦ፥ ተንበርክኮና በምርኵዝ ተደግፎ መተኰስን መልመድ ያስፈልጋል፤ ቃታንም ሳይመነጭቁ ቀስ አድርጎ መሳብ በቤት በባዶ ጠመንጃ ይለመዳል። ዳገት የወጣ ሰው ልቡ ይመታል፥ እጁም ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ጥቂት ሮጬ ወዲያው መተኰስን እለማመዳለሁ። በተራራም ሽቅብ ሆነ ቍልቍል የተተኰሰ ጥይት፥ በሜዳ ላይ በዚያው ርቀት ከሚመታው ጥቂት ከፍ ብሎ እንዲመታ ማወቅ ይገባል።

ካራሞጆ ቤል የተባለው ስኮትላንዳዊ አዳኝ ከ1000 የሚበልጡ ዝሆኖችን ሲገድል፥ የሚበዙትን የገደለው በትንሽ የ7 ሚሊሜትር ጠመንጃ ነበር። የግዳዩን ብዛት አላደንቅለትም፤ የዝሆንን ራስ ቅል በመጋዝ ሰንጥቆ አንጎሉ በየት እንዳለ መመርመሩን ግን አመሰግናለሁ። ከጠመንጃ ትልቅነት ይልቅ ጥይቱ የሚያርፍበትን ስፍራ ማወቅ ይበልጣልና።

አንባቢ ሆይ፥ የዝግጅት ሁሉ ፍሬ ልክን ማወቅ ነው። ተቀምጠህ ስትተኵስ ጥይትህ ሁሉ ከአንድ ሰሐን ስፋት የማይወጣበትን ርቀት ፈልግ፤ ወሰንህ እርሱ ነው። ከዚያ ወዲያ የቆመው አጋዘን ቀንዱ ምንም ያህል ቢያምር፥ ጠመንጃህን ዝቅ አድርግ። አዳኝ ባልተኰሰው ጥይት አያፍርም።